ስለ ችግር ገንዘብና ስለ ሰው ቃል

አንድ ሰው ለባልንጀራው «ነገ እከፍልሃለሁ» ብሎ ቃል ቢሰጥ፥ ቃሉን በሰጠበት ሰዓት ግን በእጁ ምንም ባይኖር፥ ዋሸ ይባላልን? ወይስ ነገን የሚያመጣውን አምላክ ታምኖ ተናገረ ይባላል? ጥያቄው ከጉባኤ ቤት ደጅ የማያልፍ የቃል ክርክር ይመስላል። ነገር ግን በጀርመን አገር ከ1914 እስከ 1923 ዓ.ም. ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው) ሕዝቡ ሁሉ፥ ድኻውም ባለጸጋውም፥ ይህን ጥያቄ በኪሱ ይዞ ወደ ገበያ ይወጣ ነበር። ጥያቄው የታተመበት ወረቀት በአገሩ ቋንቋ ኖትጌልት ይባላል። ይህ «ኖት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ የባንክ ወረቀት ማለት የሆነው ኖት አይደለም፤ በጀርመን ቋንቋ ችግር፥ ጭንቅ፥ ማጣት ማለት ነው፤ «ጌልት» ደግሞ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የችግር ገንዘብ ብሎ መተርጐም ይቻላል። አውጪውም የመንግሥት ባንክ አልነበረም፤ የየከተማው ማዘጋጃ ቤት፥ የየአውራጃው ሹም፥ የቁጠባ ባንክ፥ አልፎ አልፎም የፋብሪካ ባለቤት ነበረ እንጂ።

ገንዘብ ሁለት ወገን ነው። አንዱ ወገን ዋጋውን በገዛ ሥጋው የሚሸከም ነው። በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የተሠራበት የማርያ ቴሬዛ ብር እንዲህ ያለ ነበር። ያች የኦስትርያ ንግሥት በ1780 ዓ.ም. ከሞተች በኋላም ብሩ መልኳንና ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዘ ሲመታ ኖረ፤ ገበሬውም ነጋዴውም የተቀበለው ንግሥቲቱ ትከፍለኛለች ብሎ ሳይሆን 28 ግራም የሚመዝን፥ ከዚያም ውስጥ ከ23 ግራም የሚበልጥ ጥሩ ብር ያለበት አካል በእጁ ስለ ጨበጠ ነው። በአማርኛ የማዕድኑ ስም የገንዘቡ ስም መሆኑም ስለዚህ ነው። ያ ብር ለማንም ቃል አልሰጠምና ሊዋሽ አይችልም። ሁለተኛው ወገን ወረቀት ነው። ወረቀት ሥጋ የለውም፤ ያለው ቃል ብቻ ነው፤ ይኸውም ወረቀቱን ላመጣ ሰው ይህን ያህል ይከፈለዋል የሚል ቃል ነው። ቃል ከሆነ ዘንድ እንደ ቃል ሁሉ እውነትም ሐሰትም ሊሆን ይችላል። የገንዘብ ነገር ለነጋዴና ለባንክ ሰው ብቻ ሳይሆን ለነፍስ አባትም የሚገባው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከታላቁ ጦርነት በፊት የጀርመን ወረቀት ቃሉን ይፈጽም ነበር። ሃያ ማርክ ወረቀት ይዞ ወደ መንግሥቱ ባንክ፥ ወደ ራይክስባንክ፥ የሄደ ሰው ከሰባት ግራም የሚበልጥ ጥሩ ወርቅ ያለባትን የሃያ ማርክ ወርቅ ይቀበል ነበር። በጁላይ 31 ቀን 1914 ዓ.ም. ባንኩ ወርቁን ከለከለ፤ በኦገስት 4 ቀንም ክልከላው በሕግ ጸና። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ወርቁ ቢከለከልም በወረቀቱ ፊት የታተመው «ይከፍላል» የሚለው ቃል አልተፋቀም። ወረቀቱ ቁራሽ ዳቦ እንኳ በማይገዛበት በኋለኛው ዘመንም ያው ቃል በዚያው በጌጠኛ ፊደል ይታተም ነበር። ቅኔ የተማረ ሰው የሰምና ወርቅን ሥርዓት ያውቃል፤ ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፥ ወርቁ በቅርጹ ውስጥ ይቀራል። በበርሊን የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ወርቁ ወጣ፥ ሰሙ ቅርጹን እንደ ያዘ ቀረ።

መንግሥት ቃሉን ባጠፈበት ሳምንት ሕዝቡም የበኩሉን አደረገ። ወርቁ ከተከለከለ ብሩም ሊከለከል ነው ብሎ ጥሬ ብሩን በማሰሮና በፍራሽ ሥር ሸሸገ። ዝርዝር ገንዘብ በጥቂት ቀን ከገበያ ጠፋ። ይልቁንም የሩስያ ጦር በሚያስፈራበት በምሥራቅ ፕሩስያና በሽሌስያ፥ በምዕራብም በፈረንሳይ ጠረፍ በአልሳስ፥ ባለሱቁ ለትልቁ ወረቀት የሚመልሰው ዝርዝር አጣ፤ አሠሪውም ለሠራተኛው የሳምንት ዋጋውን የሚከፍልበት አጣ። ዳቦው አለ፥ የሚገዛውም አለ፥ በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ግን የለም። በዚያን ጊዜ የየከተማው ሹማምንት የበርሊንን ፈቃድ ሳይጠብቁ በወፍራም ወረቀት ላይ ግማሽ ማርክ፥ አንድ ማርክ፥ ሁለት ማርክ ብለው አሳትመው፥ ማኅተም አድርገው፥ በእጃቸው ፈርመው አወጡ። ጌጥ የለውም፥ ሥዕል የለውም፤ አንዳንዱ ከጽሕፈትና ከማኅተም በቀር ምንም አልነበረበትም።

ሕግ ቢጠየቅ ገንዘብ ማውጣት የመንግሥት ሥልጣን ነው፤ ከተማ ይህን ማድረጉ የንጉሥን መንበር እንደ መዳፈር ይቈጠራል። ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ጌታ ዲናሩን አሳዩኝ ብሎ የማን መልክ እንደ ሆነ መጠየቁን ካህናት ሁሉ ያውቁታል። በከተማው ወረቀት ላይ ግን የቄሣር መልክ አልነበረም፤ የነበረው የከተማው ማኅተምና የአንድ የታወቀ ሰው ፊርማ ነው። ነገሩን በደንብ ለመረመረ ሰው የወረቀቱ እውነተኛነት ያለው በዚህ ላይ ነው። የከተማው ግምጃ ቤት ያለው በገበያው አደባባይ ነው። ገንዘብ ያዡን ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጁን ያጠመቀው ካህን ማን እንደ ሆነ እንኳ ይታወቃል። ባይከፍል የሚጠይቀው ሰው ሩቅ አገር አይሄድም፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በደጀ ሰላሙ ያገኘዋል። ወረቀቱም ከከተማው ክልል ውጭ አይሠራም። ይህ ድካሙ ይመስላል፤ ነገር ግን ኀይሉ ነበር፤ ቃሉ ሊጠየቅበት ከሚችልበት ስፍራ ርቆ አይሄድምና።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለተነሣው ጥያቄ ከዚህ መልስ ይገኛል። ከተማው ወረቀቱን ባወጣ ሰዓት በግምጃ ቤቱ በቂ ብር አልነበረውም፤ ይኖረው ቢሆን ወረቀት ባላስፈለገው። ነገር ግን አልዋሸም። ቃል ሐሰት የሚሆነው በእጅ ያለው ስላነሰ አይደለም፤ ቃል ሰጪው «እንዳልጠየቅ» ብሎ በልቡ መመኘት በጀመረ ጊዜ ነው። የሚጠየቅበትን ደጅ ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ድኻም ቢሆን እውነተኛ ነው፤ ደጁን የዘጋ ግን ወርቅ ቢኖረውም ሐሰተኛ ነው። ራይክስባንክ በ1914 ዓ.ም. ብዙ ወርቅ ነበረው፤ ደጁን ግን ዘጋ።

ጦርነቱ ሲረዝም የችግሩ ዓይነት ተለወጠ። አሁን የጠፋው ብር ብቻ አልነበረም፤ መዳብና ኒኬልም ለጥይትና ለመድፍ ተፈለጉ። መንግሥት በ1915 ዓ.ም. ትንንሹን ዝርዝር ገንዘብ ከብረት፥ በ1916 ዓ.ም. ከአሉሚኒየም፥ በ1917 ዓ.ም. ከዚንክ መምታት ጀመረ። ሴቶች የወርቅ ቀለበታቸውን ለአገራቸው ሰጥተው በፈንታው የብረት ቀለበት ተቀበሉ። በ1917 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን ደወሎች ከየማማው ወርደው ለመሣሪያ ሥራ ቀለጡ። ደወል ሰውን ወደ ጸሎት የሚጠራ ቃል ነው፤ ቃሉ ተወስዶ ነሐሱ ለመድፍ ሲሆን የገንዘቡ ነገር ከዚያ የተለየ መንገድ ይሄዳል ብሎ ማን ሊያስብ ይችላል? የየከተማው ሹማምንትም የአምስት፥ የአሥር፥ የሃምሳ ፕፌኒግ ዝርዝር ከብረትና ከዚንክ እያስመቱ፥ ከወረቀትም እያሳተሙ አወጡ። በ1918 ዓ.ም. መጸው ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ራሱ ራይክስባንክ ማተሚያ ቤቶቹ አልደርስ ብለውት ከተሞችን አምስት፥ አሥር፥ ሃያ፥ ሃምሳ ማርክ አሳትማችሁ አውጡልኝ ብሎ ለመነ። ዋስ የነበረው ዋስ ፈላጊ ሆነ።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የመጣው ግን ከሁሉ ይልቅ ለሥነ ምግባር መምህር የሚከብድ ነው፤ ምክንያቱም ማንም አላለቀሰበትም። ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዎች የየከተማውን ወረቀት እንደ ሥዕል ይሰበስቡ ጀመር። ሹማምንቱም ይህን ባዩ ጊዜ በአንድ ጊዜ ስድስት ወይም አሥር ልዩ ልዩ ሥዕል ያለበት ወረቀት፥ በቀይና በሰማያዊ፥ በወርቅ ቀለም እያሳተሙ በፖስታ አድርገው ይሸጡ ጀመር። ናውምቡርግ የልጆችን የቼሪ በዓሏን ሥዕል አወጣች። ኤርፉርት የማርቲን ሉተርን ሕይወት በተከታታይ ሥዕል አሳተመች። የቢለፌልድ የቁጠባ ባንክ በሐር ጨርቅ ላይ አተመ፤ ጌጠኛ ጥልፍ የተጠለፈበትም አለ። ፐስኔክ ቆዳ ፋቂዎች ያሉባት ከተማ ናትና በቆዳ ላይ አወጣች። በሳክሶንያም የማይሰን ሸክላ ሠሪዎች በ1920 እና በ1921 ዓ.ም. ከቡናማና ከነጭ ሸክላ ገንዘብ ሠሩ። እነዚህን ያየ ሰው የእጅ ሥራቸውን ሳያደንቅ አያልፍም፤ ማድነቁም ተገቢ ነው።

ነገር ግን በብዙዎቹ ወረቀቶች ላይ የሚሠራበት ቀን ተወስኖ ተጽፏል፤ ቀኑም እጅግ አጭር ነበር። አንዳንዱ ለገዢው በደረሰ ጊዜ ዘመኑ አልፎበታል። ለገበያ ፈጽሞ ያልወጣም አለ። ከተማው ሃምሳ ፕፌኒግ እከፍላለሁ ብሎ የጻፈበትን ወረቀት ሃምሳ ፕፌኒግ ወይም ከዚያ በላይ ተቀብሎ ይሸጠዋል፤ የወረቀቱና የቀለሙ ዋጋ ጥቂት ነው፤ ሰብሳቢው በመዝገቡ ለጥፎት ይኖራልና ተመልሶ አይመጣም። የቀረው ሁሉ ትርፍ ነው። በ1914 ዓ.ም. ከተማው ወረቀቱ ተመልሶ እንዲመጣ ደጁን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር፤ በ1921 ዓ.ም. ግን እንዳይመጣ ይጸልይ ነበር ማለት ይቻላል። ወረቀቱ ያው ነው፥ ማኅተሙም ያው ነው፥ ቃሉም ያው ነው። የተለወጠው የቃል ሰጪው ምኞት ብቻ ነው።

ለዚህ ተቃራኒ የሚሆን ክርክር አለ፤ ቀላልም አይደለም። ገዢው የተታለለ አይደለም፤ ሥዕል ፈልጎ ሥዕል አገኘ፥ ደስም አለው፤ ከተማውም ያገኘውን ትርፍ ለጥቅሙ አዋለ፤ እንግዲህ የተጐዳ ማን ነው? በእውነት ገዢው አልተጐዳም። የተጐዳው ቃሉ ነው። «እከፍላለሁ» የሚለው ቃል የሥዕል ጌጥ ሆኖ ሲሸጥ፥ ሰጪውም ተቀባዩም እንደማይከፈል እያወቁ ፈገግ ሲሉበት፥ በሚቀጥለው ዓመት ያው ከተማ ያንኑ ቃል ለተራበ ሠራተኛ ሲሰጥ ምን ክብደት ይኖረዋል? ሰው በጨዋታ መሐላ የለመደ እንደ ሆነ በፍርድ አደባባይም ምላሱ አይከብደውም።

የሃሜልን ከተማ ነገር ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ ነው። ይህች ከተማ በችግር ገንዘቧ ላይ ያሳተመችው የታወቀውን የአይጥ አዳኙን ታሪክ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ በ1284 ዓ.ም. ከተማዪቱ አይጥ በዝቶባት ሳለ ዋሽንት ነፊ መጣ፤ ሹማምንቱም አይጡን ቢያጠፋላቸው ዋጋ ሊሰጡት ቃል ገቡ። እርሱም ዋሽንቱን እየነፋ አይጡን ሁሉ ወደ ወንዝ መርቶ አሰጠመ። ዋጋውን በጠየቀ ጊዜ ግን ችግሩ አልፏልና ከለከሉት። እርሱም ተመልሶ መጥቶ ዋሽንቱን ነፋ፥ 130 ልጆችም ተከትለውት ሄዱ፥ አልተመለሱምም። እንግዲህ የከተማ ሹማምንት በችግር ጊዜ የገቡትን ቃል ችግሩ ሲያልፍ ማጠፋቸውን የሚናገር ታሪክ፥ የከተማ ሹማምንት በችግር ጊዜ ቃል በገቡበት ወረቀት ላይ ታተመ። ያሳተሙት ሰዎች ይህን አስተውለው እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ለሥዕሉ ውበት ብቻ ሳይመርጡት አልቀሩም። ቅኔ ግን አንዳንድ ጊዜ ባለቤቱ ሳያውቀው ከአፉ ይወጣል።

መንግሥት በጁላይ 17 ቀን 1922 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ይህን የከተሞች ገንዘብ ከለከለ። ክልከላው ግን ብዙ አልቆየም፤ በዚያው ዓመት መጸው የመንግሥቱ ገንዘብ መርከስ ከተሞችን እንደ ገና ወደ ማተሚያ ቤት መራቸው። የመርከሱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ጦርነቱ በግብር ሳይሆን በብድር መደረጉ፥ ከሽንፈት በኋላ የተጣለው ካሣ፥ የመንግሥት በጀት በወረቀት መሞላቱ። በጃኑዋሪ 1923 ዓ.ም. የፈረንሳይና የቤልጅግ ጦር የድንጋይ ከሰል ወዳለበት ወደ ሩር አገር ገባ፤ መንግሥትም ሥራ ላቆሙት ሠራተኞች ደመወዝ የሚከፍለው በማተም ነበረ። ከጦርነቱ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በ4.20 ማርክ ይገዛ ነበር፤ በኖቬምበር 20 ቀን 1923 ዓ.ም. በ4,200,000,000,000 ማርክ ተገዛ። ለራይክስባንክ ብቻ 133 ማተሚያ ቤቶች 1,783 ማተሚያ መኪና ይዘው፥ ከ30 የሚበልጡ የወረቀት ፋብሪካዎችም ወረቀት እያቀረቡ ሌሊትና ቀን ይሠሩ ነበር፤ አልበቃም። ከዚያ በተጨማሪ ከአምስት ሺህ የሚበልጡ ከተሞች፥ አውራጃዎችና ፋብሪካዎች የየራሳቸውን የሚሊዮንና የቢሊዮን ወረቀት አወጡ።

በዚህ ዘመን የኖረውን ከንቲባ በ1921ዱ ሚዛን መመዘን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በሩር አገር ያለ የአንድ ከተማ ሹም ይታሰብ። የደመወዝ ቀን ነው፤ ከበርሊን ሊመጣ የሚገባው ወረቀት አልደረሰም፤ በማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ሠራተኞች ከሚስቶቻቸው ጋር ቆመዋል። ባያሳትም ልጆች ዛሬ ማታ ሳይበሉ ያድራሉ፤ ቢያሳትም የዛሬው ወረቀት የነገውን ዳቦ ያስወድዳል፥ ያጠራቀመችውንም መበለት ይበልጥ ያደኸያታል። አንዱን ያበላል፥ ሌላዋን ይዘርፋል፤ የሚዘረፈው ግን ፊቱ አይታይም፥ የሚራበው በደጅ ቆሟል። ያሳተመ ከንቲባ ሐሰተኛ ነው ሊባል አይገባውም፤ የተገደደ ነው። ነገር ግን መገደዱ የመበለቲቱን ገንዘብ አይመልስላትም፤ ይህን ሁለተኛውን ነገር ረስቶ የመጀመሪያውን ብቻ የሚናገር ሰው የነገሩን እኩሌታ ብቻ ተናገረ።

በዚያ ዓመት ጊዜ ራሱ ሌባ ሆነ። ደመወዝ በየወሩ የነበረው በየሳምንቱ፥ ከዚያም በየቀኑ ሆነ፤ ሚስቶች በፋብሪካ ደጅ ቆመው ይጠብቁና የዶላሩ አዲስ ዋጋ ሳይነገር ወደ ሱቅ ይሮጡ ነበር። አንድ ከተማ በኦገስት 1923 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ አምስት ሚሊዮን ማርክ የሚል ወረቀት ቢያወጣ ወደ አንድ ዶላር የሚጠጋ ዋጋ ነበረው። በኖቬምበር 20 ቀን ግን ለአንድ ዶላር ከዚያው ወረቀት 840,000 ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ከተማው ወረቀቱን መልሶ ቢቀበልና «እነሆ አምስት ሚሊዮንህ» ብሎ ቢከፍል፥ ከጻፈው ቊጥር አንዲት እንኳ ሳይጐድል፥ ምንም አልከፈለም።

አንዳንድ ከተሞች ይህን አይተው በመጸው ወራት የወረቀቱን ቊጥር በወርቅ ማርክ መጻፍ ጀመሩ፤ 4.20 የወርቅ ማርክ አንድ ዶላር ነው ብለው በወረቀቱ ላይ አተሙ። የኦልደንቡርግ መንግሥት ደግሞ ቀደም ብሎ በአጃ እህል ሚዛን የተቈጠረ የብድር ወረቀት አውጥቶ ነበር። ይህን እንደ ኑዛዜ መቊጠር ይቻላል፤ ሰው በወርቅና በአጃ ሲምል ማርክ የሚለው ስም ሐሰት እንደ ሆነ ማመኑ ነው።

በኖቬምበር 15 ቀን 1923 ዓ.ም. ሬንተንማርክ የሚባል አዲስ ወረቀት ወጣ፤ አንዱም በ1,000,000,000,000 የወረቀት ማርክ ተለወጠ። ከኋላው ወርቅ አልነበረውም። በአገሩ የእርሻ መሬትና ፋብሪካ ላይ የተጣለ ዕዳ ዋስትናው ነው ተባለ፤ ወረቀቱን ይዞ ሄዶ አንድ ጋት መሬት መቀበል የሚችል ግን አልነበረም። ሆኖም ሕዝቡ አመነው። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ተአምር ያወራሉ፤ ምክንያቱ ግን የተሰወረ አይደለም። ሰጪው የገዛ እጁን አሰረ። ከ2,400 ሚሊዮን በላይ እንዳይታተም ተወሰነ፤ ለመንግሥትም የሚበደረው ከ1,200 ሚሊዮን እንዳያልፍ ተወሰነ፤ መንግሥት በዴሴምበር ወር ተጨማሪ በጠየቀ ጊዜም ባንኩ እንቢ አለ። በዚያው ኖቬምበር የገንዘቡ ኮሚሳር ሆኖ የተሾመው ያልማር ሻኽት ራይክስባንክ የከተሞችን የችግር ገንዘብ ከእንግዲህ እንዳይቀበል አዘዘ፤ የራይን አገር ሹማምንትና ነጋዴዎችም ኮሎኝ ላይ ተሰብስበው ተቈጡት፤ እርሱ ግን አልተመለሰም። ጦርነትና ዕርቅ ያላስቆመውን ማተሚያ መኪና «አይሆንም» የሚል ቃል አስቆመው። የራይክስባንክ ገዥ የነበረው ሩዶልፍ ሃቨንሽታይን የማርክ ዋጋ በጸናበት በዚያው በኖቬምበር 20 ቀን ሞተ።

ገንዘቡ ጸና፤ የዕዳ ጥያቄ ግን ያን ጊዜ ተጀመረ። ከጦርነቱ በፊት ቤቱን አስይዞ 10,000 ማርክ ወርቅ የተበደረ ሰው በ1923 ዓ.ም. በአንዲት ወረቀት ዕዳውን ሁሉ ከፍሎ፥ ቤቱን ነጻ አውጥቶ፥ አበዳሪዋን መበለት ባዶ እጇን ሰደዳት። ሕጉ ማርክ ማርክ ነው ይል ነበር። ይህ ሰው ከፈለ ይባላልን? አንድም ከፈለ ይባላል፤ በውሉ የተጻፈው ቊጥር ነው፥ ቊጥሩንም አልጐደለም፤ የወረቀቱን ዋጋ ያረከሰውም እርሱ አይደለም፥ በማያውቀው ነገር አይያዝም። አንድም አልከፈለም ይባላል፤ የተቀበለው ቤት የሚሠራበት ገንዘብ ነው፥ የመለሰው ግን የማይረባ ወረቀት ነው፤ ቊጥር የነገር ስም ነው እንጂ ነገሩ አይደለምና። ሁለተኛው ትርጓሜ ይበልጣል። ሰው በአደራ ላም ተቀብሎ፥ ላም የሚለው ስም በሕግ ለድመት ቢሰጥ፥ ድመት መልሶ ላም መለስሁ ሊል አይችልም።

በላይፕሲግ ያለው የመንግሥቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በኖቬምበር 28 ቀን 1923 ዓ.ም. ይህንኑ ፈረደ። ነገሩ በደቡብ ምዕራብ አፍሪቃ፥ በሉደሪትስ፥ ባለ ቦታ ላይ ስለ ተደረገ የመያዣ ብድር ነበር። ፍርዱ በፍትሐ ብሔሩ ሕግ ውስጥ ሰው ዕዳውን በቅን ልቡና ሊከፍል ይገባዋል በሚለው አንቀጽ ላይ ተመሠረተ። መንግሥት ይህን ፍርድ በአዋጅ ሊሽረው ባሰበ ጊዜም የዚያው ፍርድ ቤት ዳኞች ማኅበር በጃኑዋሪ 1924 ዓ.ም. በአደባባይ ተቃወመው። ዳኛ በሹም ፊት እንዲህ ሲቆም የሚታየው ጥቂት ጊዜ ነው።

ፍጻሜው ግን በመካከል ቀረ። በጁላይ 16 ቀን 1925 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የመያዣ ብድር ከመቶ ሃያ አምስት እንዲመለስ አዘዘ። የጦርነቱን ብድር ላበደሩት፥ ቀለበታቸውን ሰጥተው የብረት ቀለበት ለተቀበሉት ጭምር፥ መንግሥት ለሺሁ ማርክ ሃያ አምስት ማርክ የሚል አዲስ ወረቀት ሰጠ፤ ይህም ከመቶ ሁለት ተኩል መሆኑ ነው። ከሁሉ በፊት «ይከፍላል» ብሎ ያሳተመው ከሁሉ ያነሰ ከፈለ።

በዚሁ ሕግ ውስጥ አንድ ቀን ተወስኖ ነበር። ከጁን 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ወዲህ በረከሰ ወረቀት የተከፈለ የመያዣ ብድር እንደ ገና ይከፈታል፤ ባለዕዳውም ሩቡን ይጨምራል። ከዚያ ቀን በፊት የከፈለ ግን፥ አበዳሪው በተቀበለ ጊዜ መብቴ እንደ ተጠበቀ ነው ብሎ ካላስታወቀ በቀር፥ ነጻ ነው። በጁን 1922 ዓ.ም. ማርክ ከቀድሞ ዋጋው ሰባ አምስተኛ እጅ ገደማ ብቻ ቀርቶት ነበር። እንግዲህ ሁለት ጎረቤታሞች ይታሰቡ፤ አንዱ በጁን 14 ቀን፥ ሁለተኛው በጁን 15 ቀን ዕዳቸውን በዚያው ወረቀት ለአንዲት መበለት ከፈሉ። ሁለተኛውን ሕግ ጠርቶ ሩቡን አስከፈለው። የመጀመሪያው ደረሰኙን በሣጥኑ ቈልፎ በቤቱ ተቀመጠ፤ ፍርድ ቤትም፥ ሹምም የሚጠይቀው የለም። ዘኬዎስ በአራት እጥፍ ሊመልስ የተነሣው ዳኛ ጠርቶት አልነበረም። ያ ሰው ለኑዛዜ በመጣ ጊዜ የነፍስ አባቱ ስለ ቤቱ ይጠይቀዋልን፥ ወይስ ደረሰኙን አይቶ ያሰናብተዋል?